50 ሴንቲሜትር የሚል ካፓሲተር

በምሠራበት የመለኪያ መሣሪያዎች ጥገናና ፍተሻ ክፍል፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ አሮጌ የጨረር መለኪያ ለፍተሻ መጣልን። አብሮት የነበረው በታይፕ የተጻፈ የምስክር ወረቀት የኤሌክትሪክ ጅረቱን በአምፔር ሳይሆን በስታትአምፔር፣ ቮልቴጁን በስታትቮልት፣ የካፓሲተሩን (ቻርጅ የሚያጠራቅመውን ዕቃ) አቅም ደግሞ በሴንቲሜትር ያሰፈረ ነበር። የተሰጠን ሥራ ቁጥሮቹን ዛሬ ወደምንጠቀምባቸው አሃዶች ለውጠን አዲስ ካርድ ማዘጋጀት፣ ከዚያም መሣሪያው አሁንም በትክክል የሚለካ መሆኑን ከዘመናዊ የፒኮአምፔር (የአምፔር ትሪሊዮንኛ) መለኪያ ጋር አመሳክሮ ማረጋገጥ ነው።

ወረቀቱ በተጠቀመበት፣ ኤሌክትሮስታቲክ በሚባለው የድሮ የአሃድ ሥርዓት የቻርጅ አሃድ የሚነሣው ከኩሎምብ ሕግ ነው። በባዶ ቦታ አንድ ሴንቲሜትር ተራርቀው ያሉ ሁለት እኩል ቻርጆች በ1 ዳይን (የዚያ ሥርዓት የኃይል አሃድ) ከተገፋፉ እያንዳንዳቸው 1 ስታትኩሎምብ ናቸው፤ ይህ መጠን በአንድ ሴኮንድ ሲያልፍ ጅረቱ 1 ስታትአምፔር፣ በአምፔር ሲገለጽ 3.336 × 10⁻¹⁰ ገደማ ይሆናል። ጎን ለጎን ይሠራበት የነበረው የኤሌክትሮማግኔቲክ ሥርዓት ግን ጅረትን ከማግኔት ኃይል ስለሚያወጣው አብአምፔር የተባለው አሃዱ 10 አምፔር ነው። አንዱ አብአምፔር ወደ 3 × 10¹⁰ ስታትአምፔር ይመጣል፤ ይኸው ቁጥር በሴንቲሜትር በሴኮንድ የተገለጸ የብርሃን ፍጥነት ነው። ቬበርና ኮልራውሽ በ1850ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የላይደን ጠርሙስ (የድሮ ካፓሲተር) ቻርጅ በሁለቱም መንገድ ለክተው ይህን ቁጥር ሲያገኙ ብርሃንን የሚመለከት አንድም ሙከራ አላደረጉም፤ እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ ይህ ነው።

ሁለቱን ሥርዓቶች ማምታታት ያስፈራል ይባላል፤ በእኔ ግምት ግን በሥራ ላይ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ሠላሳ ቢሊዮን ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ማንም አይቶት አያልፍምና። እኛን ያስቸገረን ከዚህ እጅግ ያነሰው ነበር።

ጨረር በመሣሪያው ውስጥ ባለው አየር ሲያልፍ አዮኖችን (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶችን) ይፈጥራል፤ እነርሱ ሲሰበሰቡ ጅረት ይሆናሉ። አሮጌው መሣሪያ ይህን ጅረት የሚለካው አስቀድሞ ቻርጅ የተደረገ ካፓሲተር ቮልቴጁ በምን ያህል ጊዜ እንደሚወርድ በማየት ነው። የጨረር ምንጩ በእርሳስ ብረት በተሸፈነው ክፍል ተቀምጦ ሲለካ ቮልቴጁ በ25 ሴኮንድ 30 ቮልት ወረደ። ስሌቱን የያዘው ወጣት ባልደረባችን በወረቀቱ ላይ 50 ሴንቲሜትር የተባለውን አቅም 50 ፒኮፋራድ ብሎ ወስዶ 60 ፒኮአምፔር አገኘ፤ ዘመናዊው መለኪያ ደግሞ በዚያው ጨረር 66.8 አሳየ። ወጣቱ ዘመናዊውን መለኪያ ጠረጠረ። ሌላው ባልደረባችን ኢንሱሌተሩ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክለው አካል) እርጥበት ይዞ ቻርጅ እያፈሰሰ ነው አለ፤ ነገር ግን ቻርጅ ቢፈስ ኖሮ ቮልቴጁ ፈጥኖ ስለሚወርድ የአሮጌው መሣሪያ ውጤት ይበልጥ ነበር እንጂ አያንስም።

በዕድሜም በሥራም የሚበልጡን ባለሙያ ወረቀቱን ሳያነሡ፣ «እስቲ ሁለቱን አካፍላቸው» አሉት።

«1.113 ይመጣል ጋሼ።»

«እንግዲያው ካፓሲተሩ ነው። ሌላውን ተወው።»

በኤሌክትሮስታቲክ ሥርዓት የካፓሲተር አቅም የርዝመት አሃድ አለው፤ 1 ሴንቲሜትርም 1.1127 ፒኮፋራድ ነው። ወጣቱ «ሴንቲሜትሩና ፒኮው ያው ናቸው» የሚለውን የሰማው ከሬዲዮ ጠጋኞች ሲሆን፣ እነርሱም ጣቢያው እስኪገባ ድረስ ካፓሲተሩን በእጃቸው ስለሚያስተካክሉት አሥር በመቶ ያህል ልዩነት አያሳስባቸውም። ስሌቱ በወረቀቱ አሃዶች እንደገና ሲሠራ 1 ስታትቮልት 299.79 ቮልት ስለሆነ 30 ቮልት ለ299.79 ተካፍሎ 0.10007 ስታትቮልት፣ በ50 ሴንቲሜትር ተባዝቶ 5.003 ስታትኩሎምብ፣ ለ25 ሴኮንድ ተካፍሎ 0.2001 ስታትአምፔር ሆነ፤ ይህም 66.8 ፒኮአምፔር ነው። በ299.79 ምትክ 300 ብንወስድ ልዩነቱ 0.07 በመቶ ብቻ በመሆኑ ለዚህ መሣሪያ ምንም አይደለም።

ጅረቱ ተስማማ፤ የጨረሩ መጠን ግን አልተስማማም። ሮንትገን የተባለው የጨረር መጠን አሃድ እ.ኤ.አ. በ1928 በስቶክሆልም በተደረገው የራዲዮሎጂ ጉባኤ ሲወሰን በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት ላይ ባለ 1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ 1 ስታትኩሎምብ የሚያስገኝ ጨረር ተብሎ ነበር። ስለዚህ የአዮን መሰብሰቢያው ክፍል ይዘት የሚታወቅ ከሆነ ስታትአምፔሩን ለይዘቱ ማካፈል በቀጥታ ሮንትገን በሴኮንድ ይሰጣል፤ የድሮዎቹ ባለሙያዎች ይህን አሃድ የሙጥኝ ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። የዚህ መሣሪያ መሰብሰቢያ ክፍል አንድ ሊትር ይይዛል። ውጤቱ ከምንጩ ከሚጠበቀው 0.7 እጅ ገደማ ብቻ ሆነ።

ወጣቱ ወደ አሃድ ሠንጠረዡ ተመልሶ 0.7 የሚሰጥ ነገር ይፈልግ ጀመር። ሆኖም ከእነዚህ አሃዶች ስህተት የሚመጣው ድርሻ ወይ 300፣ ወይ 10፣ ወይ 1.11፣ ወይ ደቂቃና ሴኮንድ ሲምታታ 60 ነው፤ 0.7 ከየትኛውም አይወጣም። የአዮን መሰብሰቢያው ክፍል ከውጭ አየር ጋር የተገናኘ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የ20 ዲግሪው ሙቀት ሲጨመርበት በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ክብደት ወረቀቱ ከሚያስበው 70 በመቶ አካባቢ ይሆናል። አየሩ ሲሳሳ አዮኑም በዚያው ልክ ያንሳል። መሣሪያው ጤነኛ ነበር።

በአዲሱ ካርድ ላይ የአሮጌዎቹን አሃዶች ሳንሰርዝ አምፔሩንና ፋራዱን ከጎናቸው አስቀመጥን፤ ከሥር የግፊትና የሙቀት መሙያ ቦታ ጨመርን። መሣሪያውን የላከው ክፍል ባሮሜትር ስላልነበረው ለአውሮፕላን በረራ የሚነገረውን የግፊት ቁጥር መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠየቀን። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ የሚሰጥ በመሆኑ እርሱን ቢሞሉ ካስተካከልነው ስህተት አብዛኛው ተመልሶ ይመጣል። የሚሞላው ግፊት መሣሪያው በሚሠራበት ቦታ የተለካ መሆን እንዳለበት በካርዱ ግርጌ ጽፈን ላክንላቸው።