የእጣን ጭስ እና 13.9 ሚሊሰከንድ

አራት ወር ሙሉ ከእጣን ጭስ ጋር ስንታገል ከረምን። ቀልድ አይደለም።

ሦስት ነን። እኔ ኮድ እጽፋለሁ። አንዱ ብሌንደር በሚባል የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ዕቃውን ሁሉ ይሠራል፤ ሰዓሊው እንለዋለን። ሌላው የድምፅ ሰው ነው፤ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ስላለው የሚመጣው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቢሯችን የእናቴ ሳሎን ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የምንሠራው የቪአር (የምናባዊ እውነታ) ጌም ነው። ሄድሴቱን፣ ዓይን የሚሸፍነውን መነጽር፣ ታደርጉና ቡና ታፈላላችሁ። መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበና መጣድ፣ መቅዳት። በቃ።

ቡናን የመረጥነው ለባህል ተቆርቁረን አይደለም። (ሰው ሲጠይቀን ግን እንደዛ ነው የምንለው።) መጀመሪያ የጀመርነው የገና ጨዋታ ነበር። ሜዳ ላይ እየሮጣችሁ ሩሯን በዱላ መምታት ነው። እናቴ ሞከረችው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላት "ኧረ አውልቁልኝ፣ ራሴን አዞረኝ!" ብላ ሶፋው ላይ ተዘረረች። ዓይን እየሮጥኩ ነው ይላል፣ የውስጥ ጆሮ ደግሞ የለም ቆመናል ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ ዕዳው ለሆድ ነው። የድምፁ ልጅ ደግሞ አጥቅቶ እመታለሁ ሲል ቡፌውን በጡጫ አቀመሰው። ሶፋው ተገፍቶም የሚተርፈን ቦታ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው። ስለዚህ ተቀምጠው የሚጫወቱት፣ እጅ የማይቦዝንበት፣ ዕቃው ሁሉ በክንድ ርቀት ያለ ጌም አስፈለገን። መልሱ እኮ በየቀኑ ፊታችን ይፈላ ነበር።

ያለን ሄድሴት አንድ ነው። ኩዌስት 2፣ በ2020 እንደ ፈረንጅ የወጣው። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ ይዞልን የመጣ፣ ያገለገለ። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር የስልክ ዓይነት ነው። እኛ ጌሙን ያስተካከልነው በሰከንድ 72 ጊዜ ሥዕሉን እንዲያድስ ነው። ለአንድ ሥዕል የሚደርሰው 13.9 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ነው ማለት ነው። ያውም ለሁለት ዓይን፣ ለእያንዳንዱ 1832 በ1920 ፒክስል። ከዚያ ካለፈ ዓለሙ ይንቀጠቀጥና እናቴ ወደ ሶፋዋ ትመለሳለች።

ጀበናው አላስቸገረንም። ረከቦቱም፣ ስኒዎቹም። ድፍን ነገር ጥሩ ነው፤ ከፊት ያለው የኋላውን ስለሚሸፍን ጂፒዩው (ሥዕሉን የሚስለው ቺፕ) በተሸፈነው ብዙ አይደክምም። ጭስ ግን አሳልፎ ያሳያል። መጀመሪያ ከኋላው ያለው ይሳላል፣ በላዩ አንድ የጭስ ሽፋን፣ በዚያ ላይ ሌላ፣ እንደገና ሌላ። ያንኑ ፒክስል ሠላሳ ጊዜ! ማጨሻው ደግሞ ጉልበት ሥር ስለሆነ ተጫዋቹ ጎንበስ ሲል ጭሱ ዓይኑን ሙሉ ይሸፍነዋል። ስንለካው 31 ሚሊሰከንድ። ዝም ተባባልን።

ቢፈጥን እንኳ አያምርም ነበር። በስልክና በኮምፒውተር ጌም ላይ የምታዩት ጭስ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ሥዕሎች ናቸው፤ ሁልጊዜ ወደ ካሜራው ፊታቸውን የሚያዞሩ። በቪአር ሁለቱም ዓይን ስለሚያይ ተንኮሉ ይነቃል። ጭሱ የተቀዳደደ ሶፍት ይመስላል። አንገታችሁን ዘንበል ስታደርጉ እሱም አብሮ ዘንበል ይላል፤ እንደሚያሾፍ ሰው።

በመሃል መብራት ይሄዳል። ሄድሴቱ ባትሪ አለው፣ ግን የት እንዳለ የሚያውቀው በካሜራዎቹ ክፍሉን እያየ ነው። ጨለማ ውስጥ ይጠፋበታል። በሻማ ሞከርን፤ ጀበናው ከምድጃው ተነስቶ ወደ ኮርኒስ ሄደ። ፀሐይም አይመቸውም። አንድ ጠዋት ሌንሱን ወደ መስኮት አዙሬ ትቼው ወጣሁ (አዎ፣ እኔ ነኝ)። ሌንሱ ፀሐይዋን ሰብስቦ ስክሪኑን አቃጠለው። አሁን በግራ ዓይን በኩል ምስር የምታክል ነጥብ አለች። ለምደናታል።

ጭሱን የፈታው ሰዓሊው ነው። በረንዳ ላይ እናቴ ያሰጣችው ነጠላ በነፋስ ሲውለበለብ ቆሞ አየና "ለምን ጨርቅ አናደርገውም?" አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ሦስት ቀጫጭን ጥምዝምዝ ሪባን ይዞ መጣ። ሪባኖቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ላያቸው ላይ የጭስ ሥዕል ወደ ላይ ይንሸራተታል። ፊት ሲጠጋቸው ደብዘዝ እያሉ ይጠፋሉ። ቅርጽ ስላላቸው ከጎንም ጭስ ናቸው። ለካን፦ 12.4። የድምፁ ልጅ እልል አለ፤ ከታች ያሉ ጎረቤቶች ምን ተገኘ ብለው ጠየቁን።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን እንደገና አስቀመጥናት። እውነተኛ በርጩማ ላይ፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል የሌለ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ፣ ስሙን አልናገርም። ማሰሪያውን ከሻሿ በላይ አላላንላት። ቆላች። ጭሱን በእጇ ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገችና "ሽታውስ?" አለች። ሳቅን። ራሷን አላዞራትም። ቀዳች። ስኒውን አንስታ ወደ ግራ ዘርግታ ያዘች። ቆየች።

"ለማን ነው የምሰጠው?"

"ራስሽ ጠጪው፣ እማዬ።"

"ብቻዬን? ምነው፣ ጎረቤት አልጠራችሁም እንዴ?"

ተያየን። የቀረን 1.5 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያ ውስጥ ፊት ያላት፣ እጅ ያላት፣ ስኒ የምትቀበል ሴት ማስገባት አለብን። ሰዓሊው ቀድሞ ማስላት ጀመረ። "ከወገብ በላይ ብቻ ብሠራትስ? እግሯን ረከቦቱ ይከልላታል።" የድምፁ ልጅ ወሬዋን ለኔ ተዉልኝ አለ፤ ድምፅ ጂፒዩ አይነካም።

እናቴ ስኒውን እንደዘረጋች "ስኳር ስንት ነው የምትወስደው?" አለች።