የከተማው ቆሻሻ ማን ደጅ ነው የሚደፋው?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቅዳሜ ማታ የአዲስ አበባው የቆሻሻ ተራራ ቆሼ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ህፃናት ነበሩ፣ ሶስት ቀን ብሔራዊ ሀዘን ታወጀ፣ ከዛ ወሬው ቀስ በቀስ በረደ። እኔ ግን ሰው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ቆሼ ነው። አካባቢ ጥበቃ ሲባል ችግኝ፣ ፓርክ፣ አረንጓዴ ምናምን ነው የምናስበው፣ ጥሩ ነው አልቃወምም፣ ግን ጉዳቱን ማን ተሸከመው የሚለውን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላይም።

ቆሼ ለምን እዛ ቦታ ሆነ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከተማው እዛ መድፋት የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዛ በፊት ግን አካባቢው የዘነበወርቅ ሆስፒታል ነበረበት፣ ለስጋ ደዌ ህሙማን የተሰራው ማለት ነው፣ ሰዎቹ ከየክፍለ ሀገሩ ለህክምና መጥተው ቤተሰብም አገርም ስላገለላቸው መመለሻ አጥተው እዛው ጎጆ ቀልሰው የቀሩበት ሰፈር ነው። እና የአዲስ አበባ ቆሻሻ የት ይደፋ ሲባል የተገኘው ቦታ እነሱ አጠገብ ሆነ። አጋጣሚ ነው ሊባል ይችላል፣ ያኔ ቦታው የከተማ ዳር ነበር፣ ግን የከተማ ዳር እኮ በአራቱም አቅጣጫ ነበር። ጮኾ የሚሰማለት ሰው በሌለበት በኩል ነው የተደፋው፣ እኔ እንደዛ ነው የማምነው።

ከዛ ከተማው አደገና ቆሼን ከበበው። ቀለበት መንገዱ በጎኑ ያልፋል፣ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ስታልፉ ተሳፋሪው በሙሉ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ዝጉ ይላል፣ ሁለት ደቂቃ ነው ያልፋል። ለኛ ያልፋል። ተራራው ስር ጭቃ ቤት ተከራይተው ለሚኖሩት ግን ጠዋትም ማታም ያው ነው፣ እላዩ ላይ ወጥተው ሀይላንድ፣ ብረት፣ ካርቶን እየለቀሙ ልጅ ለሚያሳድጉትም ያው ነው። የከተማው ሪሳይክሊንግ የሚባለው ስራ በነዚህ ሰዎች እጅ ነው የሚሰራው፣ ብዙዎቹ ጓንት እንኳን የላቸውም።

አደጋው በደረሰ ሰሞን በጣም ያናደደኝ ነገር ቢኖር "መጀመሪያስ እዛ ምን ይሰራሉ፣ ህገወጥ ሰፋሪ ናቸው" የሚለው ወሬ ነው። ሰው ወዶ ነው እንዴ ቆሻሻ ስር ቤት የሚይዘው? ኪራዩ የሚቻለው እዛ ስለሆነ፣ ስራውም እዛው ስለሆነ ነው። ደሞ ሟቾቹ ውስጥ ለዓመታት የኖሩ፣ ካርታ ያላቸው ሰዎችም ነበሩ።

አሁን የሰንዳፋን ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ያለ ሰንዳፋ የቆሼ ታሪክ አይገባም። መስተዳድሩ ቆሼ ሞልቷል ብሎ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ ሰንዳፋ አካባቢ፣ ኦሮሚያ ውስጥ፣ ዘመናዊ የተባለ የቆሻሻ ማስወገጃ አሰራና በ2008 አጋማሽ ላይ መድፋት ጀመረ። ወራት አልቆየም። ገበሬዎቹ ሽታው አላስቀምጥ አለን፣ ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ታመሙ ብለው መኪኖቹን አናስገባም አሉ፣ በክረምቱ ተዘጋ። ጊዜውን አስታውሱ፣ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ የተቀጣጠለበት ዓመት ነው። አዲስ አበባ ስትሰፋ መሬቱን ያጣው ገበሬ በላዩ ላይ ቆሻሻዋን ተቀበል ሲባል ምን ሊል ነው? ያ ክረምት ከተማው ውስጥ ቆሻሻ በየመንገዱ ተከምሮ ገንዳዎቹ ሞልተው ፈሰው ስንት ሳምንት እንደተቸገርን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከዛ ምን ተደረገ፣ መኪናው ተመልሶ ቆሼ ገባ። ሞልቷል የተባለው ቆሼ ላይ እንደገና ተደፋ፣ ዓመት ሳይሞላ ተናደ። የመናዱ ምክንያት ይሄ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ሞልቷል ተብሎ የተዘጋ ቦታ ላይ መልሶ መድፋት የሚቻለው እዛ የሚኖረው ሰው እንደ ሰንዳፋ ገበሬ ተደራጅቶ መንገድ መዝጋት ስላልቻለ ነው።

አንዳንድ ሰው ገበሬዎቹን ይወቅሳል፣ እነሱ እምቢ ባይሉ ኖሮ ይላል። ይሄ ለኔ ልክ አይደለም። ሁለቱም ድሆች ናቸው፣ አንዱ ድሃ ሲያመልጥ ቆሻሻው ሌላው ድሃ ላይ ይሄዳል፣ ቆሻሻውን ያመረተው ሰው ግን መሃል ላይ ተቀምጦ ከውሃ ቢሉ ጋር የፅዳት ክፍያውን ከፍሎ ጨርሷል። ሀብታም ሰፈር የሆኑት ቦሌም ሲኤምሲም ይደፋ ወይ የሚል ጥያቄ ግን በህልምም አይነሳም።

ቆሼ ጎን የተሰራው የረጲ ማመንጫ በነሐሴ 2010 ሲመረቅ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የአፍሪካ የመጀመሪያው ተባለ። ቆሻሻ ሲበሰብስ የሚወጣው ሚቴን ከባድ የሙቀት ጋዝ ስለሆነ ሀሳቡ ጥሩ ነው። ግን የኛ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትራፊና እርጥብ ነገር ነው፣ ለማቃጠል አይመችም፣ በደንብ የሚነደው ፕላስቲክና ካርቶኑ ነው፣ እሱ ደሞ የለቃሚዎቹ እንጀራ ነው። ይሄን ከነሱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልግ ነበር።

የአቃቂ ወንዝም ያው ነው፣ ከላይ ከእንጦጦ ንፁህ ሆኖ የሚወርደው ውሃ በከተማው አልፎ የፋብሪካውንም የሽንት ቤቱንም ይዞ ታች ሲደርስ ገበሬው ጎመንና ሰላጣ ያጠጣበታል፣ ከብቱ ይጠጣዋል፣ ከዛ አባ ሳሙኤል፣ ከዛ አዋሽ። ወንዙ ዳር ፓርክ ሲሰራ ደስ ይለኛል፣ ታች ያለው ገበሬስ ግን?

ይሄን ሁሉ የምለው ለምን መሰላችሁ፣ እኛ እንደ ሀገር ይሄን ክርክር በደንብ እናውቀዋለን። በ2009 እንደ ፈረንጆቹ ኮፐንሃገን በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ አቶ መለስ የአፍሪካ ተደራዳሪ ሆነው ሲቀርቡ ያሉት ይሄንኑ ነው፣ ያልበከልነውን እየከፈልን ነው። እውነት ነው። አፍሪካ በሙሉ ተደምራ የዓለምን በካይ ጋዝ 4 በመቶ አትሞላም፣ ቦረና ግን አምስት ተከታታይ ዝናብ ቀርቶበት ከብቱ አለቀ፣ ለዛ ነው የሻርም ኤል ሼኩ ጉባኤ ላይ በ2022 የጉዳት ካሳ ፈንድ ይቋቋም ተብሎ ስምምነት ላይ ሲደረስ እኔም ደስ ያለኝ። በ2027 እንደ ፈረንጆቹ ደሞ ያው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ እዚሁ አዲስ አበባ ይደረጋል፣ ባለስልጣኖቻችን ይሄንኑ ክርክር በድጋሚ ያነሳሉ፣ ማንሳትም አለባቸው።

ግን ሀብታም ሀገር ለበከለው ይክፈል ካልን ሀብታም ሰፈርም ለጣለው ይክፈል ማለት አለብን። ካሳ ለኢትዮጵያ ይገባል ካልን ለዘነበወርቅና ለሰንዳፋ ሰውም ይገባል። እኛ የሌለንበት ስብሰባ ላይ በኛ ጉዳይ አይወሰን ካልን ቀጣዩ የቆሻሻ ቦታ ሲመረጥ የቦታው ነዋሪ ከመጀመሪያው ቀን ቁጭ ይበል፣ እምቢ የማለት መብቱም ይከበር፣ እሺ ካለም ውሃው በየጊዜው ተመርምሮ ውጤቱ በራሱ ቋንቋ ይነገረው፣ ለቃሚዎቹ በማህበር ተደራጅተው ደሞዝ፣ ጓንትና ህክምና ያግኙ። ቤት ውስጥ እርጥቡን ከደረቁ ለይተን እንጣል፣ የተለየውን ለይቶ የሚወስድ መኪናም ይመደብ፣ ካልሆነ እኛ የለየነው ገንዳ ላይ ሲደርስ ይቀላቀላል። ከኮፕ በፊት ሰፊ ጊዜ አለ፣ ቢያንስ የቆሼ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይኑራቸው፣ በነሱ ስም ሌላ ሰው ሳይሆን ራሳቸው ይናገሩ።