ለሲቲዝንሺፕ ላጠና ብዬ 1800 ላይ ቀረሁ

ዲሲ ፓርኪንግ የምሠራ ሰሞን ነው። የሌሊት ሺፍት ነበርኩ፣ ካፒቶል በእግር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ መኪና ብዙም ስለማይመጣ ሂተሯን እግሬ ስር አድርጌ ቡዝ ውስጥ ለሲቲዝንሺፕ ፈተና አጠናለሁ። ያኔ ጥያቄው መቶ ነበር፣ አስሩን ይጠይቁሻል፣ ስድስት ከመለስሽ አለቀ። ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል እኮ። እኔ ግን ሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች እነማን ናቸው የምትለዋ ላይ ስደርስ ቆይ ፓርቲ የሚባለው ነገር እዚህ አገር ከየት መጣ ብዬ ስልኬን መጎርጎር ጀመርኩ፣ በቃ እዛው ቀረሁ።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንማ ቀላል ነው፣ 1789ም 1792ም ወኪል መራጮቹ (ፕሬዚዳንት እንዲመርጡ ከየስቴቱ የሚወከሉት ሰዎች) አንድ ሳይቀር መርጠውታል። ጠቡ የተፈለፈለው ካቢኔው ውስጥ ነው። ሃሚልተን የገንዘብ ሚኒስትር፣ ጄፈርሰን የውጭ ጉዳይ፣ ባንክ ይቋቋም አይቋቋም፣ ከእንግሊዝ እንወግን ከፈረንሳይ እያሉ ዓይንና ናጫ ሆኑ፣ የሃሚልተን ወገን ፌደራሊስት ተባለ የጄፈርሰን ሪፐብሊካን (የዛሬው ሪፐብሊካን እንዳይመስላችሁ)። ጄፈርሰን ያደረገውን ሳነብ ደግሞ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ፍሬኖ የሚባል ገጣሚ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በዓመት 250 ዶላር አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረው፣ ሰውየው ጎን ለጎን ጋዜጣ እያወጣ ጄፈርሰን ራሱ ሚኒስትር የሆነበትን መንግሥት ይሞልጫል። ዋሽንግተን 1796 ሲሰናበት የፓርቲ ነገር ያባላችኋል ብሎ ጽፎላቸው ወጣ፣ ማን ሰምቶት።

የዛኑ ዓመት የፌደራሊስቶቹ አዳምስ በ71 ድምፅ አሸነፈ፣ ጄፈርሰን 68። ሕጉ ሁለተኛ የወጣው ምክትል ይሁን ስለሚል ተቀናቃኙን ጎኑ አስቀመጡለት፣ የሙሽሪትን የድሮ እጮኛ ሚዜ አድርጎ እንደማቆም በሉት።

1800 ባሰ። አዳምስ ተሸነፈ፣ ጣጣው ግን አሸናፊዎቹ ጋ ነው። እያንዳንዱ ወኪል ሁለት ድምፅ አለው ግን የቱ ለፕሬዚዳንት የቱ ለምክትል እንደሆነ አይለይም፣ ስለዚህ ጄፈርሰንና ለምክትልነት የታሰበው የራሱ ፓርቲ ሰው አሮን በር እኩል 73 73 ወጡ። ስሙ በር ነው እንጂ አልከፈትም አለ። ነገሩ ኮንግረስ ሄደ፣ 16 ስቴት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ፣ ለማለፍ 9 ያስፈልጋል፣ ጄፈርሰን 8 ላይ ተቸከለ። ፌብሯሪ 11፣ 1801 በበረዶ ጀምረው 35 ጊዜ መርጠው 35ቱንም ያው ነው። የሜሪላንዱ ኒኮልሰን ትኩሳት እያንቀጠቀጠው በበረዶ ተሸክመው አምጥተውታል፣ እሱ ቢቀር ስቴቱ ለበር ስለሚሄድ። ፌብሯሪ 17፣ በ36ኛው ዙር፣ የደላዌሩ ቤያርድና ሌሎች ፌደራሊስቶች ወደ ኋላ አሉና ጄፈርሰን አለፈ። ሕጉን 1804 አስተካከሉት፣ በዛው ዓመት በር ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ እያለ ሃሚልተንን በሽጉጥ ገደለው። ፊልም አይደለም።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ጋሼ ለምንላቸው ሰው ነው የምተርከው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይሠራሉ፣ ሌሊት ብርዱ ሲጠና ፔርሙዛቸውን ይዘው ቡዜ ይመጣሉ። ደርግ ጊዜ ታስረው የወጡ ናቸው። ስለ ሃሚልተንና ጄፈርሰን ስነግራቸው "እኛስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል የተኛን ልጆች አይደለን ኢሕአፓና መኢሶን ተባብለን የተጨራረስነው" ብለው ሻያቸውን ቀዱ።

"ያ የተሸነፈውስ?"

"አዳምስ? ጄፈርሰን ቃለ መሐላ በሚፈጽምበት ቀን፣ ማርች 4፣ በዓሉን ሳያይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እንደማንም ሰው በሕዝብ ሠረገላ ተሳፍሮ ከከተማው ወጣ።"

"ከዛስ የት አሰሩት?"

"ኧረ አላሰሩትም ጋሼ፣ ማሳቹሴትስ ቤቱ ገባ፣ እርሻ ነበረው። ኋላማ ታርቀው ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።"

ሻዩን አፋቸው አጠገብ አድርሰው መለሱት።

"ቤቱ?"

"ቤቱ።"

"ጄፈርሰን እያወቀ?"

ልመልስላቸው ስል ቲኬት የጠፋበት አንድ ሰውዬ መስታወቱን አንኳኳ።