አንድ ሴንቲሜትር

ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የ2019ኙን (እ.ኤ.አ.) የዶሃ ዓለም ሻምፒዮና የወንዶች አሎሎ ውርወራ ፍጻሜ አየን። እኛ ቤት አትሌቲክስ ማለት ሩጫ ነው። አሎሎ ሲመጣ ሻይ ለማፍላት እንነሳለን። ዛሬ ግን ማንም ንቅንቅ አላለም።

ኒውዚላንዳዊው ቶም ዋልሽ ገና በመጀመሪያው ሙከራ 22.90 ሜትር ወረወረ። በቃ፣ ወርቁ የእሱ ነው አልን። እስከ መጨረሻው ዙር ማንም አልደረሰበትም። ከዚያ አሜሪካዊው ጆ ኮቫክስ ገባ። 22.91! ወንድሜ ጮኸ። ሳንረጋጋ ሌላው አሜሪካዊ ራያን ክራውዘር 22.90 ወረወረ። ከዋልሽ ጋር እኩል ነው፤ ግን ሁለተኛው ምርጥ ውርወራው ስለሚበልጥ ብሩን ወሰደ።

7.26 ኪሎ ብረት ያን ያህል ርቆ ሄዶ ልዩነቱ አንድ ሴንቲሜትር! ዋልሽ አንጀቴን በላው። ያን የመሰለ ውርወራ ወርውሮ ሦስተኛ። እስካሁን እሱን እያሰብኩ ነው።