ክታብ መጻፍን የተማርሁበት መንገድ

ክታብን ብዙ ሰው ከመተትና ከድግምት ጋር አንድ ላይ ይፈርጀዋል፤ እኔን ግን መጀመሪያ የሳበኝ ጠልሰሙ፣ ማለትም በክታቡ ላይ የሚሳለው የጥበቃ ሥዕል ነው። ስምንት ጫፍ ባለው ኮከብ መካከል ዓይኖቹን አፍጥጦ የሚያይ ፊት የተሳለበትን አንድ አሮጌ ጥቅል ካየሁ በኋላ፣ ሥዕሉን የሳለው ሰው ምን ተምሮ እዚያ እንደ ደረሰ ለማወቅ ፈለግሁ። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ሲሆን፣ የቄስ ትምህርት ቤትም የገባሁት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው። በዘመድ አማካይነት ጎንደር አካባቢ የሚኖሩ፣ ዜማና ቅኔ የዘለቁ አንድ ደብተራ አገኘሁ። የኔታ ስለ አስማት አንድም ቃል ሳይነግሩኝ «ዳዊት ትደግማለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አልደግምም ነበርና ትምህርቱ ከዚያ ጀመረ። የግእዝ ንባብ ፊደሉን በመለየት ብቻ አይገኝም፤ ቃሉ በየትኛው የንባብ ስልት እንደሚነበብ፣ ተነሽ ይሁን ወዳቂ፣ ተጣይ ይሁን ሰያፍ መለየት ያስፈልጋል፤ ክታብም ለሕመምተኛው ጮክ ተብሎ የሚነበብ ጸሎት ስለ ሆነ ንባቡ ካልቀና ጸሐፊው ገና ሲገለብጥ ቃሉን ይሰብራል። ለቱሪስት ከሚሸጡት ጥቅሎች ብዙዎቹ ከሩቅ ያምራሉ፤ ቀርቦ ላነበባቸው ግን ትርጉም አልባ የፊደል ሰልፍ ናቸው።

ከንባቡ ጎን ለጎን ብራና መፋቅ ተማርሁ። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ በውኃ ተዘፍዝፎ ይሰነብትና በእንጨት መወጠሪያ ላይ ዙሪያውን በገመድ ይወጠራል፤ ከዚያም ስቡና ሥጋው በስለት ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይላጫል፣ ገጹም እስኪለሰልስ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። ሽታው ልብስ ላይ ቀርቶ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ሰው ያሸሻል። ስለቱ ጥቂት ከጠለቀ ቆዳው ይበሳል፤ የመርፌ ጫፍ የምታህለው ቀዳዳም ቆዳው ሲወጠር እየሰፋች ክብ መስኮት ትሆናለች። በድሮ ብራናዎች ላይ ጽሑፉ ቀዳዳ ሲዞር የምናየው ለዚህ ነው። ጥቅሉ ባለቤቱን ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ በሰውየው ቁመት ልክ መሥራት የቆየ ልማድ በመሆኑ አንድ ቅዳጅ፣ ማለትም አንድ የብራና ቁራጭ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ቅዳጆች በቀጭን የብራና ክር ተሰፍተው ይቀጣጠላሉ። መስመሩ የሚሰመረው ያለ ቀለም ነው፤ ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግቶ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ ብራናውን ጫን ብሎ መጫር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የገለበጥሁት የቅዱስ ሱስንዮስን ጸሎት ነበር። ሕፃናት ገዳይዋ ወርዝልያ ልጁን ስለ ገደለችበት ሱስንዮስ ጦሩን ይዞ በፈረስ ይከታተላታል፤ አግኝቶም ይወጋታል፤ እርሷም ስሙ በተጠራበት ስፍራ እንደማትደርስ ትምላለች። አራስና ሕፃን ለመጠበቅ ይህ ጸሎት የተመረጠው በዚህ መሐላ ምክንያት ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከሙጫ ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለመክፈቻው፣ ለቅዱሳት ስሞችና ለባለቤቱ የክርስትና ስም ይቀመጣል። አሮጌ ጥቅሎችን ሳገላብጥ ትኩረቴን ከሁሉ የወሰደው ይህ የስም ቦታ ነው፤ «ለአመትከ» (ለሴት ባሪያህ) ከሚለው ቀጥሎ ብራናው ተፍቆ ሳስቷል፤ በላዩም በሌላ እጅ፣ በደበዘዘ ቀለም ሌላ ወለተ እገሊት ገብታለች። ክታቡ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የተደረገ ነው ብዬ እገምታለሁ።

አስማቱ ላይ የደረስሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ የሚባሉት የአምስቱ ቅንዋት፣ ማለትም ክርስቶስ የተቸነከረባቸው ችንካሮች ስሞች፣ እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔ ተጽፎ ከተገኘው፣ ከፊትም ከኋላም ቢነበብ አንድ ከሆነው የላቲን ጽሑፍ የመጡ ናቸው። የኔታ ይህን ስነግራቸው አልተደነቁም፤ «ታዲያ መስቀሉ የሮም አይደለምን?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዐውደ ነገሥት በተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ኮከብ መቁጠሩ ግን ለሒሳብ ሰው ቀላል ነው፤ የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ቁጥር ይደመራል፣ ለ12 ይካፈላል፣ ቀሪው ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ኮከቦች አንዱን ይሰጣል። እኔ በውጤቱ አላምንም፤ የኔታም ይህን ያውቃሉ።

ቤተ ክርስቲያን አስማትን አትቀበልም፤ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ጠንቋይንና አስማተኛን አጥብቀው አሳድደዋል። ይሁንና ደብተራው ጠዋት ማሕሌት ቆሞ ከሰዓት በኋላ ክታብ ሲጽፍ ኖሯል። ይህን ግጭት በክርክር ለመፍታት አልሞከርሁም፤ የኔታ ሰው የሚጎዳ ነገር ጠይቆ የመጣን ሁሉ ከደጅ ሲመልሱ ማየቴ ከየትኛውም ክርክር ይልቅ አብሬያቸው እንድቆይ አድርጎኛል። ከዕፅ መድኃኒቱ ወገን ራቅሁ፤ ዕፀ ፋርስን የመሰለ ቅጠል መጠኑ ጥቂት ሲያልፍ ይገድላልና፣ ያን በመገልበጥ መማር አይቻልም።

አሁን አንዳንድ ሰው ክታብ እንድጽፍለት ይጠይቀኛል። ስለሚጥል በሽታ ከሆነ አስቀድሜ ሕመምተኛውን ሐኪም አይቶት እንደ ሆነ እጠይቃለሁ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት እንደማያቋርጥ ቤተሰቡ ካላረጋገጠልኝ ብራናውን አልወጥርም።