ባለቤቶቹ አዲስ አበባ፣ ጨዋታው ሀዋሳ

የ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና መቻል ለዋንጫው አንገት ለአንገት በተናነቁበት በሰኔ ወር፣ ለቤተሰብ ጉዳይ ከሀዋሳ ወደ አዲስ አበባ ተጓዝኩ። ጉዳዩ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ቢሆንም ጥቂት ቀናት ጨምሬ የቆየሁት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በሬዲዮ ስሙን እየሰማሁ ያደግሁትን የአዲስ አበባ ስታዲየምና አካባቢውን ተዘዋውሬ ማየት ስለፈለግሁ ነው። በዚያው ሰሞን የሊጉ ጨዋታዎች የሚካሄዱት እኔ ትቼው በመጣሁት ከተማ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢትዮጵያ ቡናና የመቻል ክለቦች ደጋፊ በብዛት የሚኖረው አዲስ አበባ ሆኖ ሳለ፣ ቡድኖቹ የሚጫወቱት ከቤቴ በባጃጅ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ነበር።

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ማለዳ ተነስተን ከቀትር በፊት ቃሊቲ ገባን። መናኸሪያው በር ላይ አንድ የላዳ ሹፌር ሻንጣዬን አይቶ እስከ ስታዲየም 700 ብር ጠየቀኝ፤ ለመከራከር ስሞክር ፊቱን አዙሮ ወደ ሌላ መንገደኛ ሄደ። ሀዋሳ የባጃጅ ሹፌር ቢያስወድድብህም ቆሞ ይከራከርሃል፣ ስቀህ ስቆ በመሃል ትስማማላችሁ፤ እዚህ ግን ለክርክር የሚሆን ጊዜ ያለው ሰው አላጋጠመኝም። ባቡሩን ረጅም ሰዓት ጠብቄ፣ በሰው ተጨናንቄ ቆሜ፣ በጥቂት ብር ስታዲየም ፌርማታ ወረድኩ።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ከስታዲየሙ ጀርባ ሲሆን፣ በስልክ 1,200 ብር ተባብለን ስደርስ 1,500 ሆኖ ጠበቀኝ። እንግዳ ተቀባይዋ በስልክ የተነገረኝ ያለፈው ወር ዋጋ መሆኑን በትህትና ብታስረዳኝም ንዴቴ አልበረደም። ከጎን ያለው ጭፈራ ቤት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጥ ቆይቶ ዝም ሲል፣ መብራት ጠፋና ጄኔሬተር ተተካ። ሀዋሳ በዚያ ሰዓት የሐይቁ ዳር እንኳ ፀጥ ይላል። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

ጠዋት ስታዲየሙን ዞርኩት። የዙሪያው ሱቆች በአብዛኛው የስፖርት ልብስ ይሸጣሉ፤ ከፊት የተሰቀለው ግን የአርሴናልና የማንችስተር ዩናይትድ ማሊያ ነው። ቡናማና ቢጫውን የኢትዮጵያ ቡና ማሊያ ለማግኘት ሦስተኛው ሱቅ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ሻጩ ከመደርደሪያው ሥር አውጥቶ አቧራውን አራግፎ ዘረጋልኝ፤ ደረቱ ላይ የታተመው አርማ አንድ ጠርዙ ተነስቶ ስለነበር ጣቱን በምራቁ አርሶ ሊያጣብቀው ሞከረ። «ጨዋታ እዚህ ሲኖር በአንድ ከሰዓት የምንሸጠውን አሁን በወር አንሸጥም» አለኝ። ይህን ሲናገር ማማረር አልነበረበትም፤ የሂሳብ ጉዳይ አድርጎ ነው የነገረኝ።

ስታዲየሙ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት ስላላሟላ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግድ ከታገደ በኋላ ያኔ ጥገና ላይ ነበር። ጥበቃው አላስገባም ብሎኝ በብረት በሩ ስንጥቅ አጎንብሼ ሳይ፣ ከኋላዬ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ በዚያ በኩል ምንም አይታይህም፣ ና ተከተለኝ» አሉኝ። የሰኔ ዝናብ እያካፋ አንገታቸው ላይ የቡናን ስካርፍ ጠምጥመዋል። ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት ለገሃር አካባቢ ነው። አጥሩን ይዘን እየዞርን ከውጭ ሆነው የተመልካች መቀመጫ ቦታዎቹን በእጃቸው እያመለከቱ በስማቸው ቆጠሩልኝ፤ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ። እኔ እነዚህን ስሞች በሬዲዮ ብቻ ስለማውቃቸው የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያበቁ ማየቴ ብቻውን ለመጣሁበት በቂ ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚህ ሜዳ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ እርሳቸው የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። መግቢያ ስላልነበራቸው የሉቺያኖ ቫሳሎን፣ የኢታሎን፣ መጨረሻ ላይም የመንግሥቱ ወርቁን ጎል የሰሙት ከደጅ ሆነው በሕዝቡ ጩኸት ነው። «ዋንጫውን ጃንሆይ ለሉቺያኖ ሲሰጡትም አላየሁም፤ ግን እዚህ ነበርኩ» አሉኝ። «እዚህ ነበርኩ» የምትለዋን ደጋግመው ይናገሯታል። በ1993 ዓ.ም. ዮርዳኖስ ዓባይ 24 ጎል ሲያገባ ካታንጋ ቆመው አይተውታል። በ2013 ዓ.ም. የራሳቸው ቡድን አጥቂ አቡበከር ናስር 29 አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር ግን አብዛኛውን ያዩት በቴሌቪዥን ነው። አጥቂው በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ፤ ሜዳ ተገኝተው ሳይጠግቡት እንደሄደባቸው ይሰማቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው በኮሮና ነው። የ2012 ውድድር ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ፤ በ2013 ዓ.ም. የዲኤስቲቪ ሥርጭት ሲጀመር ቡድኖቹ ሁሉ በአንድነት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሀዋሳ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። ወረርሽኙ ሄደ፤ አሠራሩ ግን ቀጠለ። የጊዮርጊስና የቡና ግጥሚያ የሆነው የሸገር ደርቢ እንኳ ከሸገር ውጭ መካሄድ ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። ለቀረጻ፣ ለመብራትና ለጸጥታ የሚሰጠውን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን ሀዋሳ ሆኜ ያየሁትን ልናገር፤ በሥራ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት የሌላ ከተማ ቡድኖች ሲጫወቱ የአሰልጣኙ ድምፅ ከማዶ ይሰማል፣ ኳሱን የሚያቀብሉት ልጆች ስም እንኳ ሲጠራ ይደመጣል። ሀዋሳ ከነማ በ1996ና በ1999 ዓ.ም. ዋንጫ ሲያነሳ እንግዳ ቡድን ወደ ሜዳችን በመጣ ቁጥር ከተማው በዓል ይመስል ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን ከነማችን በራሱ ከተማ የሚጫወተው ተራው ሲደርስ ብቻ ነበር፤ በቀሩት ወራት እኛም እንደ አዲስ አበባዎቹ ቴሌቪዥን ላይ እናፈጥ ነበር።

በማግስቱ ፒያሳ ወጣሁ። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል የተገደደው ቅዱስ ጊዮርጊስ የተወለደበትን ሰፈር ማየት ነበር ሐሳቤ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአገሪቱ ሻምፒዮና ሲደረግ ከጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ፤ ዋንጫውን የወሰዱትም እንግሊዞቹ ናቸው። ያገኘሁት ግን በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታና የፈረሰ ግድግዳ ነው። በዚያው ዓመት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ግዙፍና የሚያምር ነው፤ ለረጅም ሰዓት ተዘዋውሬ አየሁት። ያም ሆኖ የአገሪቱን አንጋፋ ክለብ ልደት የምትናገር አንዲት ሰሌዳ በሰፈሩ ብትኖር በጣም ደስ ባለኝ።

ከሰዓት በኋላ በቀጠሯችን መሠረት ከአዛውንቱ ጋር አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገባን። ቡና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሀዋሳ ይጫወታል፤ መግቢያው 30 ብር ነበር፣ እንግዳ ነህ ብለው እርሳቸው ከፈሉልኝ። ወደ ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ካሜራው ሜዳውን ሲያሳይ የማውቀው ባዶ ወንበር ከነዛፉ ታየኝ፤ እዚህ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰዎቹ ተነስተው ይዘምራሉ፣ ዳኛውን ይሟገታሉ፣ ከኋላ ያለ አንድ ጎረምሳ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ ይመታል። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ባለቤቱ ሪሞቱን አነሳ፤ የአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ ሊጀምር ነው፣ በሩ ላይም ሌላ ሰልፍ ተፈጥሯል። ተለማመጥነው፤ አዛውንቱም ተነስተው «ልጄ፣ የአንድ አጋማሽ ጉዳይ ነው፣ የከፈሉትን ሰዎች አታስቀይም» አሉት። ሰውዬው ትንሽ አሰበና ትንሿን ቴሌቪዥን በጓዳው በር አጠገብ ሰካልን። ወንበራችንን እየጎተትን ሄድን፤ የስክሪኑን ቁጥር ለማንበብ ከፊት ያለው ለኋላው እየተናገረ ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው አየን። ከጀርባችን ለአውሮፓ ጎል ጩኸት በተሰማ ቁጥር አዛውንቱ ዘወር እንኳ አላሉም።

ስንወጣ ሀዋሳ አልጋ ስንት እንደሚያወጣ፣ ከሜዳው የሚቀርበው ሰፈር የትኛው እንደሆነና የማለዳው አውቶቡስ ለዘጠኝ ሰዓት ጨዋታ ይደርስ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይደርሳል አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስልካቸውን ተቀብዬ የእኔንም በመነጽር መያዣቸው ውስጥ በምትገኝ ወረቀት ላይ በትልልቅ ቁጥር ጻፍኩላቸው፤ «ጋሼ፣ ቡና ሀዋሳ ሲመጣ ይደውሉልኝ፣ ከእኔ ቤት ያድራሉ፣ ቲኬቱንም እኔ እቆርጣለሁ» አልኳቸው። እርሳቸው ግን ቲኬቱን ራሳቸው እንደሚቆርጡ፣ ከእኔ የሚፈልጉት ከቡና ደጋፊዎች መሃል መቀመጫ እንድይዝላቸው ብቻ መሆኑን ነገሩኝ።