በረዶውን የሰባበረው ቆጣሪው ነበር

ዛሬ ጠዋት በአውሮፕላን መጠለያው (ሃንጋር) ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከብርጭቆ ዱቄት ጋር ስታገል ነበር። ዱቄት አልኩት እንጂ እያንዳንዷ ፍሬ ድቡልቡል ኳስ ናት። ስፋቷ 20 ማይክሮን ነው። 50ዎቹን ብትደረድሯቸው አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላሉ።

ሐሙስ በረራ አለን። እኔ የያዝኩት ክንፍ ስር የሚታሰረውን የደመና ጠብታ ቆጣሪ ነው። ወደፊት የተዘረጉ ሁለት ክንዶች አሉት፤ በመሃላቸው ሌዘር ያልፋል። ጠብታዋ ሌዘሩን ስታቋርጥ ብርሃኑን ትበትነዋለች፤ መጠኗ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ከ2 እስከ 50 ማይክሮን ድረስ ይለካል። በትክክል መለካቱን ለማየት ኳሶቹን በሌዘሩ ውስጥ እናሳልፋለን። ብርጭቆ ብርሃን የሚሰብረው እንደ ውሃ ስላልሆነ ልዩነቱን በሒሳብ እናስተካክላለን። የኳሶቹን መጠን የሚያሳየው የዛሬው የመጀመሪያ ግራፍ ጎኑ አብጦ ወጣ። ሌዘሩ የሚያልፍበትን መስታወት በለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ ደገምኩት። ተስተካከለ።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ለብዙ ዓመታት አውሮፕላኖች የበረዶ ደመና ውስጥ ሲገቡ የሚቆጥሩት ጥቃቅን በረዶ ከመጠን ያለፈ ነበር። ክረምት ላይ በረዶ ሲወርድ የቆርቆሮ ጣሪያችንን አስቡ። ትልቁ ፍሬ ቆርቆሮውን መትቶ ይፈረካከሳል፤ ስብርባሪው ደጃፍ ላይ ይበተናል። ደጃፍ ቆሞ የሚቆጥር ሰው አንዱን ፍሬ ብዙ አድርጎ ይቆጥረዋል። እዚህም የሆነው ይኸው ነው። አውሮፕላኑ በሰከንድ 100 ሜትር ያህል እየበረረ ትልልቁ በረዶ የክንዶቹን ጫፍ ይመታል፤ ስብርባሪው ተፈናጥሮ ሌዘሩ ውስጥ ይገባል።

ካናዳ የሚሠራው አሌክሲ ኮሮሌቭና ባልደረቦቹ ስብርባሪውን ከሌዘሩ የሚያርቅ አዲስ ጫፍ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሮጌውንና አዲሱን ጫፍ በአንድ አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን አበረሯቸው። በአዲሱ ጫፍ የጥቃቅኑ ቁጥር በብዙ ቀነሰ። በንፋስ መሿለኪያ (ንፋስ በኃይል በሚነፍስበት የሙከራ ቱቦ) ውስጥ በፈጣን ካሜራ የቀረጹትን ደግሞ ስንቴ እንዳየሁት! በረዶው ጫፉን ሲመታ ቁርጥራጩ የንፋሱን አቅጣጫ አቋርጦ ሴንቲ ሜትሮች ይዘላል።

ጫፉ ብቻውን አይበቃም። ስብርባሪ ተከታትሎ፣ ተጠጋግቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በሁለት ቅንጣቶች መሃል ያለውን ጊዜ አይተን በኮምፒውተር እናጣራለን። ይህ የጥቃቅኑ በረዶ ቁጥር ደመና ምን ያህል ፀሐይ እንደሚመልስ፣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚይዝ ለማስላት ይገባል። እዚህ ከተሳሳትን ስህተቱ እዚያም ይከተለናል።

ማታ የክንዶቹን መሸፈኛ ከማልበሴ በፊት ጫፎቹን በጣቴ ዳሰስኳቸው። የግራው ላይ ጥፍር የምትይዝ ጭረት አገኘሁ። መለዋወጫ አለን፤ ነገ ጠዋት እቀይረዋለሁ።